መድኃኒት ታካሚውን አልፎ ወዴት ይሄዳል? የመድኃኒት ብክለትና የመተማ ቆላ ወንዞች

በክረምት ደፍርሶና ሞልቶ ወደ ሱዳን የሚወርደው የጓንግ ወንዝ፣ በጋው ሲገፋ ፍሰቱ ይቋረጥና እዚህም እዚያም የተበታተኑ ኩሬዎች ብቻ ይቀሩታል። የሽንፋ ወንዝም እንደዚሁ ነው። በእነዚህ ኩሬዎች ከብት ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ዓሣ ይጠመዳል፤ ከአሸዋው ሥር ተቆፍሮም ለቤት የሚሆን ውኃ ይቀዳል። ይህ አኗኗር ትናንት የመጣ አይደለም። በመተማ አካባቢ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተካሄደ ቁፋሮን መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2024 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከ74 ሺሕ ዓመታት በፊት በዚያ የኖሩ ሰዎች በበጋ ከሚጠብቡ ኩሬዎች ዓሣ እያወጡ ይመገቡ እንደነበር አመልክቷል።

ኩሬው ዛሬም የሕይወት ማቆያ ነው። ወደ ኩሬው ሊገባ የሚችለው ነገር ግን ተለውጧል። በአንድ የጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በሚገባ ሳይቃጠል የቀረ የመድኃኒት ክምር፣ በመጀመሪያው የሰኔ ጎርፍ ታጥቦ ወደ ጅረቱ ይወርዳል። ከታካሚው አካል በሽንት የወጣው፣ ለከብት ተወግቶ በእበት የወጣውና ከየቤቱ ተርፎ ሜዳ ላይ የተጣለው ሁሉ ያንኑ መንገድ ይከተላል። የመድኃኒት ብክለት የሚባለው ይኸው ነው፤ ሰውንና እንስሳን ለማዳን የተሠራው ውሑድ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ፣ ወይም ሥራ ላይ ሳይውል ቀርቶ፣ በአፈር፣ በውኃና በሕያዋን ላይ የሚያደርሰው ጫና ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ብክለቱ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ጉዳቱ በምን እንደተረጋገጠና በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማስረዳት ነው።

ከአካል የሚወጣው መድኃኒት

አንድ መድኃኒት በተዋጠ ጊዜ በአካል ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በአፍ ከተወሰደ አሞክሲሲሊን ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ከሲፕሮፍሎክሳሲን ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው፣ ከሜትፎርሚን ደግሞ 90 በመቶ ያህሉ በነበረበት መልኩ ከሰውነት ይለቃል። በጉበት ተለውጠው የሚወጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም በፍሳሽ ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ወደ ቀድሞ መልካቸው የሚመለሱበት ጊዜ አለ።

ከወጡ በኋላ የሚጠብቃቸው ዕድል አንድ ዓይነት አይደለም። አሞክሲሲሊን በውኃ ውስጥ በአጭር ጊዜ ይፈራርሳል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከደለልና ከጭቃ ጋር ተጣብቆ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ሰልፋሜቶክሳዞል በአብዛኛው ከውኃው ጋር አብሮ ይጓዛል። ካርባማዜፒን ደግሞ ዘመናዊ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎችን እንኳ አልፎ የሚሄድ ጽኑ ውሑድ ነው። ስለሆነም «መድኃኒት በውኃ ውስጥ ምን ያህል ይቆያል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት የሚለያይ ነው።

ሌላው መዘንጋት የሌለበት ነጥብ መድኃኒት ከሌሎች በካዮች የሚለይበት ጠባይ ነው። መድኃኒት በጥቂት መጠን ሕያው አካል ላይ እንዲሠራ ታስቦ የተቀመመ ነው። የሚያነጣጥርባቸው ተቀባዮችና ኢንዛይሞች ብዙዎቹ በዓሣም፣ በወፍም፣ በእንቁራሪትም አካል ውስጥ ይገኛሉ። በሰው ላይ ፈውስ የሆነው በሌላው ፍጥረት ላይ ጥፋት ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስት ማስረጃዎች

የመጀመሪያው ማስረጃ ከሕንድ ክፍለ አህጉር የመጣ ነው። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚያ የነበሩ የጥንብ አንሳ ዝርያዎች በፍጥነት ማለቅ ጀመሩ፤ አንደኛው ዝርያ በሕንድ ከ99 በመቶ በላይ ቀነሰ። በፓኪስታን የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት መንሥኤውን አገኘው፤ ለታመሙ ከብቶች ይሰጥ የነበረው ዳይክሎፌናክ ነበር። መድኃኒቱን በወሰደ ከብት ጥንብ ላይ የተመገበው አሞራ ኩላሊቱ ከሥራ ውጭ ሆኖ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2006 ዳይክሎፌናክን ለእንስሳት ሕክምና ማዋልን ከለከሉ፤ ለአሞራው ጉዳት የሌለው ሜሎክሲካምም በምትክነት ቀረበ። ይሁን እንጂ ለሰው የተዘጋጀው መርፌ በትልልቅ ብልቃጥ እየተሸጠ ለከብት መዋሉ በመቀጠሉ፣ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ብልቃጡ ከ3 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ለመወሰን ተገድዳለች።

ጉዳቱ በወፎቹ ብቻ አልቆመም። ጥንብ የሚያነሣ ሲጠፋ በድኑ ሜዳ ላይ ይበሰብሳል፣ ውኃ ይበክላል፣ የባዘኑ ውሾችም ይራባሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የኢኮኖሚክስ ጥናት፣ የአሞራዎቹ መጥፋት እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2005 በሕንድ ለግማሽ ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ የሰው ሞት ምክንያት መሆኑን ገምቷል። በመተማ መስመር የቀንድ ከብት ወደ ሱዳን ይነዳል፤ በመንገድ የወደቀውን የሚያነሡት ጆፌ አሞራና ጅብ ናቸው። ከሰው መድኃኒት ቤት የተገዛ የዳይክሎፌናክ መርፌ ለከብት መወጋቱ በቆላው እንደ ቀላል ነገር ሊታይ የማይገባው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከካናዳ የተገኘ ነው። ተመራማሪዎች ለሙከራ በተከለለ አንድ ሐይቅ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 በወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ውስጥ የሚገኘውን ኤቲኒል ኢስትራዲዮል የተባለ ሆርሞን ጨመሩ። መጠኑ በአንድ ሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖ ግራም ብቻ ነበር። ወንዶቹ ዓሦች የሴት ጠባይ ያላቸውን ፕሮቲኖች ማመንጨት ጀመሩ፤ አንድ የትናንሽ ዓሣ ዝርያም ከሐይቁ ሊጠፋ ተቃረበ። ሆርሞኑ መጨመሩ ካቆመ ከዓመታት በኋላ ዓሦቹ እንደገና በዙ። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል፤ እጅግ ጥቂት መጠን ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችልና ምንጩ ሲዘጋ ግን ተፈጥሮ የማገገም አቅም እንዳላት።

ሦስተኛው ማስረጃ ወደ አገር ቤት ያመጣናል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የታተመው ዓለም አቀፍ ጥናት በ104 አገሮች በሚገኙ 258 ወንዞች ላይ፣ ከ1,052 ሥፍራዎች የተቀዳ ውኃን መርምሮ 61 የመድኃኒት ዓይነቶችን ፈልጓል። ከአራት ሥፍራዎች በአንዱ ያህል ቢያንስ አንድ መድኃኒት ለውኃ ውስጥ ሕያዋን ወይም ለመድኃኒት መላመድ አስጊ ከሆነው መጠን በላይ ተገኝቷል። በአማካይ ድምር መጠን የፓኪስታኗ ላሆርና የቦሊቪያዋ ላፓዝ የመጀመሪያውን ደረጃ ሲይዙ፣ ሦስተኛዋ አዲስ አበባ ነበረች፤ በሊትር 51.3 ማይክሮ ግራም። ጥናቱ ብክለቱ ከፍ ያለባቸው ሥፍራዎች የፍሳሽ ማጣሪያቸው ደካማ፣ ቆሻሻ በወንዝ ዳር የሚደፋባቸውና የመድኃኒት ፋብሪካ ፍሳሽ የሚለቀቅባቸው መሆናቸውን አሳይቷል። የመድኃኒት ብክለት የሀብታም አገሮች ችግር ነው የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ተሽሯል።

የቆላው ልዩ ሁኔታ

መተማ የመድኃኒት ፋብሪካ የለባትም። ሆኖም ምዕራብ ጎንደር ቆላ አደጋውን የሚያባብሱ የራሱ ሁኔታዎች አሉት።

አንደኛው የውኃው ጠባይ ነው። የብክለት ሕግጋት በአብዛኛው ፍሰት ያለው ወንዝ በካዩን ያሳሳዋል በሚል ግምት ላይ የቆሙ ናቸው። ፍሰቱ የተቋረጠ ኩሬ ግን አያሳሳም፤ እንዲያውም በትነት ምክንያት በውስጡ ያለውን ያከማቻል። ሁለተኛው አፈሩ ነው። የቆላው ጥቁር ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ የተቆፈረ ጉድጓድ ይደረመሳል፣ ውኃ ይሞላል፣ ይፈሳል። በሌላ ሥፍራ አስተማማኝ የሚባል የመጸዳጃ ወይም የቆሻሻ ጉድጓድ በዚህ አፈር ላይ እምነት አይጣልበትም።

ሦስተኛው ሙቀቱ ነው። አብዛኛው መድኃኒት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዲቀመጥ የታዘዘ ሲሆን፣ በመተማ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ጠባብ መጋዘን የተቀመጠ መድኃኒት የተጻፈበት የአገልግሎት ጊዜ ሳይደርስ ይበላሻል። የተበላሸ መድኃኒት ሁሉ ደግሞ ሊወገድ የሚገባው ቆሻሻ ነው።

አራተኛው የሕዝቡ እንቅስቃሴ ነው። ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ በየዓመቱ እጅግ ብዙ የጉልበት ሠራተኞች ከደጋው ይወርዳሉ፤ ወባውም የሚበረታው በዚያው ወቅት ነው። በእርሻ ካምፕ ውስጥ የሚኖር ሠራተኛ መጸዳጃም ሆነ ቋሚ የጤና አገልግሎት በቅርቡ ላያገኝ ይችላል፤ ትኩሳቱ ሲበርድለት የጀመረውን መድኃኒት ያቋርጣል፣ የተረፈውንም እዚያው ጥሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ የሱዳኑን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በመተማ በኩል ገብተዋል፤ በዚያው ዓመት በኩመር የስደተኞች መጠለያ የኮሌራ ወረርሽኝ ተከስቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ አንቲባዮቲክና ክሎሪን በብዛትና በጥድፊያ ይሠራጫሉ፤ ሕይወት ማዳን ቀዳሚ መሆኑም የሚያጠያይቅ አይደለም። የተረፈውን የመሰብሰብ ኃላፊነት ግን ከወረርሽኙ ማግስት የሚጀምር ሳይሆን፣ ከዕቅዱ ጋር አብሮ ሊታሰብ የሚገባው ነው።

አንድ ስሌት ከካላዛር ክፍል

የመተማና የሑመራ ቆላ በአገራችን ካላዛር ከሚያጠቃቸው ዋና ዋና አካባቢዎች አንዱ ነው። የኤች አይ ቪ ቫይረስ ለሌለባቸው ታካሚዎች ሲሰጥ የቆየው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትን ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ17 ቀናት መስጠት ነው። የስቲቦግሉኮኔቱ መጠን በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 20 ሚሊ ግራም አንቲሞኒ ነው። 50 ኪሎ የሚመዝን ታካሚ በቀን 1 ግራም፣ በ17 ቀናት ደግሞ 17 ግራም አንቲሞኒ ይወስዳል ማለት ነው። ከዚህም አብዛኛው በአጭር ጊዜ ውስጥ በሽንት ይወጣል።

አንቲሞኒ ብረት መሰል ንጥረ ነገር በመሆኑ እንደ አሞክሲሲሊን አይፈራርስም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 20 ማይክሮ ግራም ነው። በዚህ ወሰን ሲሰላ 17 ግራም አንቲሞኒ 850 ሺሕ ሊትር ውኃን እስከ ወሰኑ ለማድረስ የሚበቃ መጠን ነው። ይህ ስሌት ውኃው ተበክሏል ማለት አይደለም፤ ከሽንት የወጣ አንቲሞኒ በአፈር ውስጥ የሚያዝበት ዕድል ሰፊ ነው። ስሌቱ የሚያስረዳው ሌላ ነገር ነው፤ የካላዛር ታካሚዎች የሚጠቀሙበት መጸዳጃ የሚቆፈርበት ቦታ፣ ከውኃ ጉድጓድ ያለው ርቀትና በክረምት ጎርፍ መድረስ አለመድረሱ የግንባታ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕክምናው አካል መሆኑን ነው። ተከፍቶ የተረፈ ብልቃጥም በየሜዳው የሚጣል አይደለም።

ስለዚህ መድኃኒቱ ይቅር ማለት ግን አይደለም። ያልታከመ ካላዛር ገዳይ ነው። ብክለትን በመፍራት ለታካሚ የሚገባውን መድኃኒት መቀነስ ወይም ማዘግየት በምንም መንገድ ተቀባይነት የለውም።

ከውኃው የሚመለሰው አደጋ

ወደ አካባቢ የወጣ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያዎችን ለመግደል የማይበቃ፣ ለማለማመድ ግን የሚበቃ መጠን ይዞ ሊቆይ ይችላል። የሰውና የከብት ዓይነ ምድር በሚቀላቀልበት ኩሬ ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያዎች መድኃኒት የሚቋቋሙበትን ጂን እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። በሕንድ ሐይደራባድ አቅራቢያ የመድኃኒት ፋብሪካዎችን ፍሳሽ በሚቀበል ጣቢያ ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ በአንድ ሊትር ፍሳሽ እስከ 31 ሚሊ ግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን አግኝቷል፤ ይህ በታካሚ ደም ውስጥ ከሚገኘው መጠን እጅግ ይበልጣል። በአገራችንም በደቡብ ኢትዮጵያ በሆስፒታል ፍሳሽ ላይ በተደረገ ጥናት መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2022 «ላንሴት» ላይ በወጣው ግምት መሠረት፣ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ምክንያትነት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። በሌላ አነጋገር፣ በጓሮ የተጣለው ሲፕሮፍሎክሳሲን ነገ በሌላ ታካሚ አልጋ አጠገብ «መድኃኒቱ አልሠራም» ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

አወጋገድ፦ ምን ይደረግ? ምን አይደረግ?

የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በአደጋ ጊዜና ከዚያ በኋላ የማይፈለጉ መድኃኒቶችን ስለማስወገድ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት መመሪያ ለእንደ መተማ ላለ ሥፍራ ተስማሚ ነው። ፍሬ ነገሩ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ መለየት። ጊዜው ያለፈ፣ በሙቀት የተበላሸና የተመለሰ መድኃኒት ከሚሠራበት ክምችት ተለይቶ፣ ተመዝግቦና ተቆልፎ ይቀመጥ። ግሉኮስና የጨው ፈሳሽ፣ አንቲባዮቲክ፣ የካንሰር መድኃኒት፣ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒትና በግፊት የታሸገ ቆርቆሮ አወጋገዳቸው የተለያየ በመሆኑ በአንድ ላይ መከመር የለባቸውም።

ሁለተኛ፣ ሜዳ ላይ አለማቃጠል። መድኃኒትን በአግባቡ ለማቃጠል ሁለት ክፍል ያለውና ቢያንስ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ማቃጠያ ያስፈልጋል፤ ለካንሰር መድኃኒት ከዚህም የበለጠ ሙቀት ይጠይቃል። በጤና ጣቢያ ግቢ ያለ ትንሽ የጡብ ማቃጠያ ለመርፌና ለፋሻ ቢያገለግልም፣ ብዙ ጊዜ ለመድኃኒት የሚበቃ ሙቀት አይደርስም። በጉድጓድ ውስጥ ጋዝ አርከፍክፎ ማቃጠል ደግሞ ጢሱን ወደ መንደሩ፣ ያልተቃጠለውን ቅሪት ወደ ወንዙ መላክ ነው።

ሦስተኛ፣ በሲሚንቶ ማሸግ። ተስማሚ ማቃጠያ በሌለበት ቦታ የጠጣር መድኃኒት ክምችትን በንጹሕ የብረት ወይም የፕላስቲክ በርሜል እስከ 75 በመቶ ሞልቶ፣ የቀረውን በክብደት 15 እጅ ኖራ፣ 15 እጅ ሲሚንቶና 5 እጅ ውኃ በተቀላቀለ ጭቃ መሙላት፣ ማሸግና ጎርፍ በማይደርስበት ሥፍራ መቅበር ይቻላል። ወጪው የጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ ነው። የሚያስገኘው ጥቅም ድርብ ነው፤ መድኃኒቱ ወደ ውኃ እንዳይሰርግ ይከለክላል፣ ከጉድጓድ አውጥቶ መልሶ ለመሸጥ የሚሻውንም ያግዳል።

አራተኛ፣ አንቲባዮቲክንና ፀረ-ተሕዋስያንን ወደ ጅረት፣ ወደ ኩሬም ሆነ ወደ መጸዳጃ አለመድፋት። የመጸዳጃ ጉድጓድ ባክቴሪያ የሚሠራበት ቦታ በመሆኑ፣ የተከማቸ ፀረ-ተሕዋስያን ሲደፋበት የመበስበስ ሥራውን ያሰናክላል።

ከማስወገድ መከላከል ይቀድማል

ከሁሉ የሚሻለው የሚወገድ መድኃኒት እንዳይፈጠር ማድረግ ነው። በመጋዘን የሙቀት መለኪያ ሰቅሎ በየቀኑ መመዝገብ፣ አገልግሎት ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈውን ቀድሞ ማውጣት፣ ሊያልፍ ወራት የቀሩትን ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ማዛወር ከባድ ወጪ አይጠይቁም። በአማራ ክልል በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተጀመረውና በኋላ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ሆስፒታሎች የተስፋፋው ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት አሠራር፣ መድኃኒትን ከግዢ እስከ ታካሚው እጅ በሰነድ በመከታተል ብክነትን መቀነስ እንደሚቻል ያሳየ የራሳችን ልምድ ነው።

በችግር ጊዜ የሚመጣ እርዳታም ጥንቃቄ ይሻል። በኤርትራ ጦርነት ወቅት ጊዜው ያለፈበት የእርዳታ አስፕሪን በሰባት የጭነት መኪና ደርሶ ለማቃጠል ስድስት ወር እንደፈጀ በዓለም ጤና ድርጅት የእርዳታ መድኃኒት መመሪያ ተጠቅሷል። በቦስኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 አጋማሽ ከመጣው እርዳታ ውስጥ 17 ሺሕ ቶን የሚገመት የማይጠቅም መድኃኒት ተከማችቶ ቀርቷል። በመሆኑም የሚመጣው እርዳታ ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት አገልግሎት ጊዜ የቀረው፣ በተቀባዩ የተጠየቀና በአገሪቱ መደበኛ ዝርዝር ውስጥ ያለ እንዲሆን መጠየቅ ተቀባዩ ያለው መብት ነው። «እርዳታ አይመለስም» በሚል ይሉኝታ የተቀበሉት ጭነት፣ የኋላ ኋላ የወንዙ ሸክም ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ የሐኪሙ እስክርቢቶ አለ። ለቫይረስ ጉንፋን የታዘዘ አንቲባዮቲክ ታካሚውን አይጠቅምም፤ አካባቢውን ግን ይጎዳል። ወባ በምርመራ ሳይረጋገጥ የሚሰጥ መድኃኒትም እንደዚሁ ነው። ታካሚው ሲሸኝ ደግሞ ሦስት ነገሮች ሊነገሩት ይገባል፤ የታዘዘለትን እንዲጨርስ፣ ቢተርፈው ሜዳ ላይ ከመጣል ወይም ለሌላ ከመስጠት ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያው እንዲመልስ፣ የሰው መድኃኒትንም ለከብቱ እንዳይሰጥ። ለእርሻ ካምፕ ሠራተኞች ይህን ምክር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከወባ ትምህርት ጋር አያይዘው ሊያደርሱት ይችላሉ። የእንስሳት ሐኪሙም የዚህ ሥራ አጋር ነው፤ ለከብት የሚወጋ አይቨርሜክቲን በአብዛኛው በእበት የሚወጣና እበት የሚያብላሉ ጥንዚዛዎችን የሚጎዳ በመሆኑ፣ ጉዳዩ በሁለቱም ሙያዎች ዘንድ የሚታይ ነው።

ማጠቃለያ

በታላላቅ ከተሞች ከመድኃኒቱና ከወንዙ መካከል የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሊቆም ይችላል። በመተማ ቆላ በዚያ ቦታ የሚቆመው ሐኪሙ፣ ነርሱ፣ የመድኃኒት ባለሙያውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናቸው። ከእነርሱ እጅ ያመለጠ ወደ ጓንግና ወደ ሽንፋ ይወርዳል፤ ጓንግ ድንበር ተሻግሮ አትባራ፣ ሽንፋም ራሃድ ተብለው ሁለቱም በሱዳን ምድር ከዓባይ ውኃ ጋር ይቀላቀላሉ። ድንበሩ ሰውን እንጂ ውኃን አያቆምም።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ሰኔ ከመግባቱ በፊት አንድ ሥራ ሊከናወን ይገባዋል፤ የመጋዘኑ ጥግ፣ የማቃጠያው ዙሪያና የቆሻሻ ጉድጓዱ ይፈተሹ፣ የተከማቸው ይመዝገብ፣ የሚታሸገውም ይታሸግ። የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ የሚያጥበው መድኃኒት እንዳያገኝ ማድረግ፣ በበጋ ከኩሬው የምትቀዳውን እናትና ልጇን እንደማከም የሚቆጠር የጤና ባለሙያ ተግባር ነው።